ከአዲስ አበባ ጅዳ፦ የበረራው ርቀት፣ ሰዓቱና ሚቃቱ

ከቦሌ እስከ ጅዳ ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀጥታ በረራ ከ2 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይወስዳል። በሁለቱ አገሮች መካከል የሰዓት ልዩነት የለም። ሆኖም ትኬት ላይ 08፡00 የተባለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው።

ለሐጅ ወይም ለዑምራ በቀጥታ ወደ መካ የሚሄድ ሰው ከደቂቃዎቹ ሁሉ ልብ ሊላቸው የሚገቡት የመጨረሻዎቹን ነው። በየመን አቅጣጫ ለሚመጡ የተወሰነው ሚቃት የለምለም ከጅዳ በስተደቡብ ስለሚገኝ፣ አውሮፕላኑ ትይዩው የሚደርሰው ከማረፉ 20 እና 30 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ፦

• ገላን ቤት ታጥቦ፣ ወንዶች የኢሕራም ልብሳቸውን ቤት ወይም ቦሌ ለብሰው መሳፈር ይሻላል።
• የኢሕራሙን ልብስ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት፤ አየር ላይ አያገኙትም።
• የበረራ ሠራተኞች ሚቃቱ መቃረቡን ሲያስታውቁ ነይተው ተልቢያ ይጀምሩ። እንቅልፍ ይወስደኛል ብሎ የሰጋ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢነይት ይችላል።

ሚቃቱን ሳይነይት ያለፈ ወደ ሚቃቱ ተመልሶ ይነይታል። ሳይመለስ ጅዳ ላይ ከነየተ፣ በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ በግ ወይም ፍየል መካ ላይ ማረድ ይኖርበታል።

መጀመሪያ መዲናን ለመዘየር ያሰበ ግን ከመዲና ወደ መካ ሲነሳ ከዙል ሑለይፋ (አብያር ዐሊ) ይነይታል።