አቧራው የት ይሂድ?

ቫኪዩም ክሊነር አልስብ ሲል ብዙ ሰው ወዲያው የሚፈርደው «ሞተሩ ተቃጥሏል» ብሎ ነው። «የታሪክ አስተማሪ ስለ ቫኪዩም ምን አገባው?» የምትሉኝ ተማሪዎቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግን የዚህን ዕቃ ታሪክ ያነበበ ሰው ሞተሩን ለመጠርጠር አይቸኩልም። ፈልሳፊዎቹን ከመቶ ዓመት በላይ ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነው፤ አየሩ እያለፈ አቧራው ብቻ እንዲቀር ምን ይደረግ?

በ1901 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ለንደን ውስጥ ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ የሚባል መሐንዲስ አንድ አዲስ የጽዳት ማሽን ሲሠራ ያያል። ማሽኑ በታመቀ አየር እፍ እያለ አቧራውን የሚያስነሳ ነው። ተነሥቶስ? ብዙው ተመልሶ እዚያው ያርፋላ! ቡዝ «ለምን አይስብም?» ብሎ ቢጠይቅ ባለማሽኑ «አይሆንም» አለው። እንደሚተረከው ቡዝ ምግብ ቤት ገብቶ ወንበር ላይ መሀረብ አስደግፎ በአፉ ሳበ። መሀረቡን ገልብጦ ሲያየው ጠቁሯል። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው መሳቡን ነው፤ እኔ ግን የማደንቀው መሀረቡን ነው። እሱ ባይኖር አቧራው በቀጥታ ሳንባው ውስጥ ነበር የሚገባው።

የቡዝ ማሽን በፈረስ የሚጎተት ጋሪ የሚያህል ነበር። መንገድ ላይ ይቆምና ረጃጅም ቱቦዎች በመስኮት ወደ ቤት ይገባሉ። በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ መጫኛ የዌስትሚንስተር አቢን ምንጣፍ ያጸዳው ይኸው ማሽን ነው። የጌቶች ዕቃ ነበር በአጭሩ።

ወደ ተራው ሰው ቤት የሚገባውን የፈለሰፈው ግን የጽዳት ሠራተኛ ነው። ጄምስ ሙሬይ ስፓንግለር በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ካንተን ከተማ፣ አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ጽዳት ይሠራ ነበር። ዕድሜው ወደ 60 ተጠግቷል፤ በዚያ ላይ አስም አለበት። ምንጣፍ በጠረገ ቁጥር የሚነሣው አቧራ ደረቱን ይዘጋዋል። ሥራውን እንዳይተው እንጀራው ነው፤ እንዳይቀጥል ትንፋሹ ነው። ታዲያ በ1907 የማራገቢያ ሞተር ወሰደ፣ የመጥረጊያ እጀታ ገጠመለት፣ ከኋላው የትራስ ልብስ አሰረለት። በቃ! ዛሬ በየቤቱ ያለው ዕቃ አባት ይኼ ነው። በሰኔ 1908 የፈጠራ መብቱ ጸደቀለት። ገንዘብ ግን ከየት ይምጣ? መብቱን የገዛው የፈረስ ዕቃና ሌላም የቆዳ ሥራ ነጋዴ የነበረው ዊልያም ሁቨር ነው። መኪና እየመጣ የፈረስ ዕቃ ገበያ ሊቀዘቅዝ ነበርና ሰውየው በጊዜ ነቅቷል። እንግሊዞች እስከ ዛሬ ቤት በቫኪዩም ማጽዳትን «ሁቨር ማድረግ» ይሉታል። «ስፓንግለር ማድረግ» የሚል የለም።

አሁን ወደዚያ ትራስ ልብስ ልመልሳችሁ፤ ጣጣው ያለው እሱ ላይ ነው። ጠላ በጨርቅ ያጠለለ ሰው ያውቀዋል፦ መጀመሪያ ኩልል ብሎ ይወርዳል፣ ቆይቶ አተላው የጨርቁን ቀዳዳ ሲደፍነው ጠብ ጠብ ይላል። የቫኪዩም ከረጢትና ፊልተርም እንደዚያው ናቸው። ማሽኑ እኮ አቧራን አይጎትትም፤ ውስጡ ያለው ማራገቢያ አየር ወደ ውጭ ይወረውራል፣ የውጭው አየር ቦታውን ሊተካ ሲሮጥ አቧራውን ይዞ ይገባል። መውጫው ከተደፈነ መግቢያውም ሞተ ማለት ነው።

ድምፁን አዳምጡት። መንገዱ ሲዘጋ ማሽኑ ቀጠን ብሎ ይጮኻል። ሰው «ሞተሩ እየተሠቃየ ነው» ይላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ የሚገፋው አየር ስላጣ ሸክሙ ቀሎት በፍጥነት እየተሽከረከረ ነው። ችግሩ ሌላ ጋ ነው፦ በብዙዎቹ የቤት ቫኪዩሞች ሞተሩን የሚያበርደው ያው የሚሳበው አየር ነው። አየር ካጣ ይግላል፣ ከዚያ መከላከያ ያለው ማሽን ራሱን ያጠፋል። ይህን ነው ሰው «ተቃጠለ» ብሎ የሚጥለው። ድምፁ እንደ ወትሮው ሆኖ ካልሳበ ደግሞ የተቀደደ ቱቦ ወይም በደንብ ያልተዘጋ ክዳን ፈልጉ።

እንግሊዛዊው ጄምስ ዳይሰንም በ1970ዎቹ መጨረሻ የተናደደው በዚሁ በተደፈነ ከረጢት ነው። እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሰጋቱራውን በሚሽከረከር አየር እንደሚለዩት አይቶ፣ ያንኑ አሳንሶ ቫኪዩም ውስጥ ለማስገባት 5,127 ሙከራ አደረገ። አቧራው እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ወደ ግድግዳው ተወርውሮ ይወድቃል፤ ከረጢት አያስፈልግም። በራሱ ስም የወጣው የመጀመሪያው ማሽን ገበያ የገባው በ1993 ነው። ሆኖም የደቀቀው ብናኝ ፊልተር ይፈልጋልና እሱም ካልታጠበ ይደፈናል። ከትራሱ ልብስ ሙሉ በሙሉ የዳነ የለም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ አንድ ዐረብ አገር ቤት ሠራተኛ ሆና ስለምትሠራ ነው (አስፈቅጃታለሁ)። አንድ ቀን በድምፅ መልእክት «ቲቸር፣ ቫኪዩሙን ሰብረሻል፣ ከደሞዝሽ ይቆረጣል አሉኝ» አለችኝ። ድምፁ እንዴት ነው ብላት «ያፏጫል»። ቱቦውን ነቅለሽ የማሽኑ አፍ ላይ መዳፍሽን አስጠጊ አልኳት። አጥብቆ ሳበው። እንግዲያው ማሽኑም ፊልተሩም ደህና ናቸው፣ የተዘጋው ቱቦው ነው። ከሶኬት ነቅላ በመጥረጊያ እንጨት ቀስ አድርጋ ብትገፋ የሕፃን ካልሲ ዱብ አለ። ደሞዟ አልተቆረጠም።

እናንተም ከመክፈታችሁ በፊት ከሶኬት ንቀሉ። የሚታጠብ ፊልተር ከሆነ አጥባችሁ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ፤ እርጥቡን መልሳችሁ ብታስገቡት አቧራው ላዩ ላይ ይቦካል። የሚሽከረከረው ብሩሽ ከቆመ የተጠመጠመውን ፀጉር በመቀስ ቁረጡ፣ የጎማ ሽታ ካለ ቺንጋውን እዩ። አዲስ ኮንዶሚኒየም የገባችሁ ደግሞ የሲሚንቶ ብናኝ በቤት ቫኪዩም አትሳቡ፤ ፊልተሩን በደቂቃዎች ውስጥ ይደፍነዋል። ለሱ እርጥብ ጨርቅ ይሻላል።