ብርሃን የሚያጥፋቸውና የሚዘረጋቸው ልስልስ ነገሮች



ብርሃን ያሳያል፣ ያሞቃል፣ የልብስን ቀለም ያደበዝዛል፣ ቡቃያን ያሳድጋል ብንል የሚከራከረን የለም። ነገር ግን እጅ ሳይነካው፣ ሽቦና ሞተር ሳይገባበት፣ ብርሃን ብቻውን ስስ ፕላስቲክን እንደ ወረቀት ያጥፈዋል፣ ሌላ ዓይነት ብርሃን ደግሞ መልሶ ይዘረጋዋል ቢባል ተረት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሆኖም በ2003 ዓ.ም. በጃፓን አገር፣ በዚያን ጊዜ የቶኪዮ የቴክኖሎጂ ተቋም ይባል በነበረው ትምህርት ቤት፣ ይህ ነገር በእርግጥ ተሠርቶ ታይቷል። (በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለሥራው የሚያስፈልገው ዕውቀት ግን ከዚያ ብዙ ዘመን አስቀድሞ በልዩ ልዩ ሰዎች እጅ ተበታትኖ ይገኝ ነበር፤ አንዱ ሣር ሲመለከት፣ ሌላው ማቅለሚያ ሲለካ፣ ሦስተኛው ካሮት ሲመረምር ያገኘው ነው። ነገሩ የዘገየውም ብርሃን ኀይል አንሶት ሳይሆን፣ ብርሃኑ የሚገፋው ነገር ሥርዐት ስላልነበረው ነው።

ከሣሩ እንጀምር። በቢሮው መስኮት አጠገብ የአበባ ማሰሮ ያኖረ ሰው ሁሉ ተክሉ ወደ ብርሃን እንደሚያዘነብል ያውቃል። ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር ሆኖ በ1880 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ተራ የሚመስል ነገር መረመረ። ገና ከመሬት ብቅ ያለውን የሣር ቡቃያ ጫፉን ብርሃን በማያሳልፍ ትንሽ ቆብ ቢሸፍነው ቡቃያው ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ጫፉን ትቶ የታችኛውን ክፍል ቢሸፍነው ግን ወደ ብርሃን ጐበጠ። እንግዲህ ብርሃኑን የሚቀበለው ጫፉ፣ የሚጐብጠው ደግሞ ከጫፉ በታች ያለው ክፍል ከሆነ፣ ከላይ ወደ ታች የሚተላለፍ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በጀርመን አገር የዕፀዋት ሊቃውንት አለቃ ያህል ይከበር የነበረው ዩልዩስ ዛክስ የዳርዊንን ሙከራዎች በንቀት ተመለከታቸው። ይሁን እንጂ ፍሪትስ ቬንት የሚባለው የኔዘርላንድ ተወላጅ በ1928 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፣ ከጫፉ ወደ ታች የሚወርድ ንጥረ ነገር መኖሩን አስረዳ፤ ይህም ኦክሲን የሚባለው ነው። ኦክሲን በጥላው ወገን ስለሚበዛ ያ ወገን ይበልጥ ይረዝማል፤ አንዱ ጎን ከሌላው ጎን ሲበልጥ ደግሞ መጕበጥ ግድ ነው። አድማጮቻችን ይህችን ነገር በልባቸው እንዲያኖሩልን እንለምናለን።

ተክል ግን የሚጐብጠው በማደግ ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ የረዘመውን መልሶ አያሳጥረውም። ደጋግሞ የሚጐብጥና የሚቃና ነገር የተገኘው ከማቅለሚያዎች ወገን ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት አይልሃርድ ሚትሸርሊኽ አዞቤንዚን የሚባለውን ነገር በ1834 ዓ.ም. ገልጾ ጻፈ፤ የዚህ ነገር ቤተ ዘመዶች በኋላ የልብስ ማቅለሚያ ሆነው ዓለምን ሞሉ። መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም.፣ ሃርትሊ የሚባል እንግሊዛዊ አዞቤንዚንን ሲለካ ዛሬ ያገኘው ልክ ከትናንቱ ጋር አልስማማ አለው። ሰበቡን ቢከታተል ብርሃን ሆኖ ተገኘ። ሞለኪዩሉ በጨለማ እንደ በትር ቀጥ ብሎ ይኖራል፤ አልትራቫዮሌት የተባለው ለዓይን የማይታይ ጨረር ሲያርፍበት እንደ ማጭድ ይጐብጣል፤ የሚታይ ብርሃን ሲያገኝ ወይም በጨለማ ሲቆይ ይቃናል። አንዱን ሚሊሜትር ለአንድ ሚሊዮን ብንከፍለው፣ የበትሩ ርዝመት የአንዱ ክፍል 0.9 ያህል ነው፤ ሲጐብጥ ወደ 0.55 ይወርዳል። በዓይናችን ውስጥም ሬቲናል የተባለው ሞለኪዩል ጐብጦ ይጠብቅና ብርሃን ሲነካው ይቃናል፤ ማየት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ይህን ካስረዱት አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ጆርጅ ዋልድ በ1967 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

እንዲህ ያለ ሞለኪዩል ከጎማ መሰል ነገር ጋር ቢቀላቀል ጎማው ሁሉ አብሮ ያጥራል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። አይዘንባኽ የሚባለው ጀርመናዊ በ1980 ዓ.ም. ቢሞክረው ግን ያጠረው ቢበዛ ከመቶ 0.25 ብቻ ሆነ። በቅርጫት የታጨቀ ጥጥና በሸማኔ ድር የተዘረጋ ክር አንድ ጥጥ ሲሆኑ፣ ቅርጫቱን ብንጎትት ምንም አይሆንም፤ ድሩን ብንጎትት ግን ሁሉም አብሮ ይመጣል። የአይዘንባኽ ሞለኪዩሎች እንደ ቅርጫቱ ጥጥ ነበሩና እያንዳንዱ በየፊናው ጐብጦ ቀረ።

ድሩ የተገኘው ከካሮት ነው ብንል አናጋንንም። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪኽ ራይኒትሰር በ1888 ዓ.ም. በፕራግ ከተማ ከካሮት ካወጣው ኮሌስትሮል አንድ ውሁድ ሠርቶ ቢያሞቀው፣ በ145.5 ዲግሪ ቀለጠና ድፍርስ ፈሳሽ ሆነ፤ በ178.5 ዲግሪ ደግሞ ያ ድፍርስ በድንገት ጠራ። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ይቀልጣልን? ራይኒትሰር የነገሩን እንግዳነት አይቶ ለፊዚክስ ሊቁ ለኦቶ ሌማን ላከለት። ሌማንም በማይክሮስኮፕ መርምሮ፣ ድፍርሱ እንደ ፈሳሽ የሚፈስ፣ ሞለኪዩሎቹ ግን እንደ ክሪስታል በሥርዐት የተሰለፉበት መሆኑን ተገነዘበ፤ ፈሳሽ ክሪስታል የሚባለውም ከዚህ የመጣ ነው። ጉስታፍ ታማንን የመሰሉ ትልልቅ ኬሚስቶች፣ ንጽሕና የጐደለው ድብልቅ ነው እያሉ ለብዙ ዓመታት ተቃወሙት። በኋላ ፈረንሳዊው ፒየር ዢል ደ ዤን በ1975 ዓ.ም. ይህን ሥርዐት ከጎማ ጋር ማዋሐድ እንደሚቻል አሳሰበ፤ ጀርመናዊው ሃይኖ ፊንክልማን ከባልደረቦቹ ጋር በ1981 ዓ.ም. ጎማውን ሠራው። በ2001 ዓ.ም. ፊንክልማንና የካምብሪጁ ማርክ ዋርነር የአዞቤንዚን ወገን የተጨመረበትን እንዲህ ያለ ጎማ አልትራቫዮሌት ቢያበሩበት ከመቶ 20 ያህል አጠረ። ከ0.25 ወደ 20 ያደረሰው የመብራት ብርታት ሳይሆን ሰልፍ ነው።

የቶኪዮው ቶሚኪ ኢኬዳ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ጎማውን አሳስቶ ሠራው። ብርሃኑ የሚያገኘው የላይኛውን ገጽ ብቻ ስለ ሆነ ያ ገጽ ያጥራል፤ የታችኛው እንደ ነበረ ይቀራል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ወደ ብርሃኑ ይታጠፋል። በሣሩ የጥላው ወገን ይረዝማል፣ በዚህኛው የብርሃኑ ወገን ያጥራል፤ ውጤቱ አንድ ነው። በ2004 ዓ.ም. በውኃ ላይ የተንሳፈፈ እንዲህ ያለ ጎማ ከላይ ብርሃን ቢያበሩበት እየተወዛወዘ ወደ ጨለማው ዋኘ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የጃፓኖቹ ቀበቶ በሁለት ዓይነት ብርሃን እየተገፋ ሁለት መዘውር አሽከረከረ።

ሰው ሠራሽ ጡንቻ ተገኘ እያሉ የሚጽፉት ግን ጥቂት የቸኮሉ ይመስለናል። አዞቤንዚን ብርሃንን አጥብቆ ስለሚውጥ፣ በኢኬዳ ወረቀት ውስጥ ከመቶ 99 የሚበልጠው ብርሃን የሚሊሜትር ሺኛ ክፍል እንኳ ሳይዘልቅ ያልቃል። ስሱን ወረቀት የሚያጥፈውም ይኸው ነው፤ ብርሃኑ እስከ ታች በእኩል ቢደርስ ኖሮ ወረቀቱ ያጥር ነበር እንጂ አይታጠፍም ነበር። ሸክም የሚያነሣ ወፍራም ነገር ሲፈለግ ግን ይህ ጥላ ትልቅ እንቅፋት ይሆናል። ዋርነርና ባልደረባው በስሌት እንዳሳዩት፣ ፊት የቆሙት ሞለኪዩሎች ከጐበጡ በኋላ የሚውጡት ብርሃን ስለሚቀንስ ለኋለኞቹ ይለቁላቸዋል፤ መብራቱ በርትቶ ከቆየም ብርሃኑ ደረጃ በደረጃ ወደ ውስጥ ይገባል።