የዘር ማነቆ፦ ዋልያ በቁጥር ሲበዛ የማይመለስለት ነገር

ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን የሚሄድ መኪና ሳንቃ በርንና ጨነቅን አልፎ፣ የቧሂትን ከፍታ ወጥቶ ነው ወደ ጃናሞራ የሚወርደው። ጨነቅ ሲደርስ ማንም ሳይነግረው ተሳፋሪው ወደ ገደሉ አንገቱን ያሰግጋል፤ ዋልያ የሚታየው እዚያ ነውና። ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ አውራ ብቅ ካለ «ስንት ቀሩ ይሆን?» መባሉ አይቀርም። የሥነ ሕይወት ባለሙያ ግን ሌላም ይጠይቃል፦ ቁጥራቸው ከሁሉ ያነሰበት ጊዜ መቼ ነበር? ያን ጊዜስ ስንት ነበሩ?

ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ያለውን ነገር ፈረንጆቹ «ፖፑሌሽን ቦትልኔክ» ይሉታል። ቃል በቃል ሲመለስ የጠርሙስ አንገት ነው፤ ዋልያ ሲባል መጀመሪያ ቢራው ትዝ ለሚለው ከተሜ ይህ ትርጉም ሳቅ እንጂ እውቀት አይጨምርም። እኔ «የዘር ማነቆ» ብዬዋለሁ። ማነቆ በዜናው ሁሉ መሰናክል ማለት ሆኗል፤ እዚህ ግን አንቆ የሚያሳልፍ ጠባብ ቦታ ማለት ነው። «ዘር» የሚለውም በዚህ ዘመን ጆሮ ያስቆማል፤ የወላጅና የልጅ ሐረግ ማለቴ ስለሆነ አንባቢ ይረጋጋ። ፍቺው እንዲህ ነው፦ የአንድ ዝርያ ቁጥር በእጅጉ ሲመናመንና ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ትውልድ ሁሉ ከጥቂት ተራፊዎች ብቻ ሲወለድ፣ ያ ዝርያ በዘር ማነቆ አለፈ ይባላል።

የደጋ ገበሬ ጎተራ ነገሩን ያስረዳል። የአገሩ ገብስ አንድ ወጥ አይደለም፤ ነጩም ጥቁሩም፣ ቶሎ የሚደርሰውም ውርጭ የሚችለውም ተቀላቅሎ ይዘራል። በክፉ ዓመት ቤተሰቡ ለዘር ያስቀመጠውን ጭምር ቆልቶ በልቶ እፍኝ ብቻ ቢተርፈው፣ በእፍኙ ውስጥ ውርጭ የሚችለው ላይኖር ይችላል። ያቺው እፍኝ እየተዘራች ከዓመታት በኋላ ጎተራው ይሞላል፤ ውርጭ ቻዩ ግን የለም። ልብ ይባል፤ የተረፈው የተሻለ ሆኖ ላይሆን ይችላል፣ እጣ ወጥቶለት እንጂ።

የዋልያም ታሪክ እንዲሁ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ዋልያን ለሳይንስ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1835 ነው። ከዚያ በኋላ በተለይ ጠመንጃ በየመንደሩ ሲበዛ አደኑ በረታ፤ ገብሱና ግጦሹም ወደ ላይ ወደ ላይ እየወጣ ገደሉን ተጠጋ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተገመተው ቁጥር 150 ገደማ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ሲቋቋም፣ በ1978 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው፣ የተጠበቀው ይህችው ተራፊ ነበረች። ቀጥሎ በመጣው የእርስ በርስ ጦርነት ዓመታት ፓርኩ ጠባቂ አጥቶ ቆየ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ ግን አንሰራራ። የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ፣ የዋልያው ቁጥር ከ800 አለፈ፣ በ2017 ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ።

ደስ ይላል፤ ግን እነዚያ 800ዎች የእነማን ልጆች ናቸው? ከ150ውም ቢሆን ግልገሉና ያልደረሰው ተቀንሶ፣ በእርባታ ወቅት ጥቂት ኃያላን አውራዎች ሌላውን ገፍተው እንደሚያጠቁ ሲታሰብ፣ ዘር የተካፈሉት ወላጆች ከዚያ በብዙ ያንሳሉ። ስሌቱ ቀላል ነው። ዘር የሚተኩት 50 ከሆኑ በአንድ ትውልድ የሚጠፋው የዘረመል ብዝኃነት 1 በመቶ ያህል ነው፤ 10 ብቻ ከሆኑ 5 በመቶ። ማነቆው ለብዙ ትውልድ ከቆየ ኪሳራው እየተደራረበ ይሄዳል። ቁጥሩ በሦስት ትውልድ 300፣ 30፣ 300 ቢሆን ተራው አማካይ 210 ይላል፤ ለዘረመሉ ግን መንጋው ሁልጊዜ 75 እንደሆነ ያህል ነው። ያቺ 30 ሁሉንም ወደ ታች ትጎትታለች። የዋልያን ዘረመል የመረመሩ ጥናቶችም ያገኙት ይህንኑ ነው፦ ብዝኃነቱ በጣም ትንሽ ነው። በቆጠራው ሪፖርት ላይ ይህ አይታይም፤ ሪፖርቱ ራስ እንጂ ሐረግ አይቆጥርም።

የዋልያ የአውሮፓ ዘመድ፣ የአልፕስ አይቤክስ፣ ወደፊት ምን ሊመጣ እንደሚችል ያሳያል። በጣልያን ግራን ፓራዲሶ 100 ያህል ሲቀሩ ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1856 ቦታውን የራሱ ማደኛ አድርጎ ከለለው፤ ዛሬ ከእነዚያ የተወለዱት ወደ 50,000 ይጠጋሉ። በ2020 የታተመ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው፣ እጅግ ጎጂ የሆኑት የዘረመል ጉድለቶች በማነቆው ውስጥ ከተሸካሚዎቻቸው ጋር አብረው ጠፍተዋል፤ ቀለል ያሉት ግን ተጠራቅመዋል። ማነቆ አንዳንዱን ያጠራል፣ አንዳንዱን ያከማቻል። «ብዝኃነቱ ያነሰ ዝርያ ይጠፋል» ብሎ መደምደም ስለዚህ አይቻልም። አዲስ በሽታ ወይም የአየር ለውጥ ሲመጣ ግን አማራጩ የጠበበ ይሆናል።

ቁጥር ባሽቆለቆለ ጊዜ ሁሉ ማነቆ አለ ማለትም አይደለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን የከብት በሽታው ከአገሪቱ ከብት ከመቶ ዘጠናውን ያህል እንደፈጀ ይገመታል። ይሁንና የቀረው አሥረኛ እጅ በየአገሩ ተበትኖ ብዙ ሺህ ነበር፤ ዘሩ ከዋልያው ይልቅ ሰፋ ብሎ አለፈ። ወሳኙ ስንት መቶኛ እንደሞተ ሳይሆን ስንት ወላጅ እንደተረፈና ጥበቱ ስንት ትውልድ እንደቆየ ነው።

የሰው ልጅም ከዚህ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት አዲስ አበባን መነሻ አድርጎ የየአገሩን ሕዝብ የመሬት ርቀት ሲለካ፣ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር የዘረመል ብዝኃነቱ እየቀነሰ ሲሄድ አገኘ። ከአፍሪካ ወጥተው ወደፊት ወደፊት የሄዱት በየእርምጃው ጥቂት ጥቂት ሆነው ስለነበር ነው። የሩቅ አገሩ ሰው ከእኛ ይልቅ በብዙ ማነቆ አልፏል ማለት ነው።

ወደ ጨነቅ ልመለስ። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ፣ በአማራ ክልልም ግጭቱ ከቀጠለ በኋላ፣ የዋልያው ቁጥር እንደገና ወደ 300 ገደማ ወርዷል። አንድ ጊዜ የጠበበው ዘር ሌላ ማነቆ ገጥሞታል። ዋልያ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንድ ግልገል ብቻ ስለሚወልድ መልሶ ለመብዛት ጊዜ ይፈልጋል። በየትኛውም የዓለም መካነ እንስሳት መጠባበቂያ የለውም፤ ያለው በእነዚህ ገደሎች ብቻ ነው። ከቤት ፍየል ጋር የመዳቀል ስጋትም አለ፤ ስለዚህ ፍየል ከገደሉ ማራቅ ሣር ከማትረፍ በላይ ሥራ ነው። ሌላ ተራራ ላይ ሁለተኛ መንጋ ይመሥረት የሚል ሐሳብም ይነሳል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ከአንድ ገደል ብቻ አሥር ተይዘው ቢወሰዱ አዲሱ መንጋ ከመጀመሪያው ቀን በማነቆ ተጀመረ ማለት ነው። ስንት፣ ከየትኛው ገደል፣ ከየትኛው አውራ የተወለዱ እንደሚሆኑ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ከየገደሉ በጠጣቸው ተለቅሞ ዘረመሉ መመርመር ይኖርበታል።