ከሌባሻይ እስከ ማሽን

በዱሮው የደጋ አገር ሌባ የሚፈለግባቸው ሁለት የታወቁ መንገዶች ነበሩ። አንደኛው አውጫጭኝ ነው፤ የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ያየውን የሰማውን በመሐላ ያወጣል፤ ሌባው ካልታወቀ የጠፋውን ንብረት ዋጋ ሁሉም ያዋጣል። ሁለተኛው ሌባሻይ ነው። አንድ ልጅ መድኃኒት እንዲጠጣ ይደረግና፣ ወገቡ ላይ በታሰረ መቀነት እየተያዘ፣ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ልጁን ለምን እዚያ እንደገባ የሚጠይቀው የለም፤ ቢጠየቅም መልስ የለውም። የዛሬ የሳይበር ደኅንነት ኃላፊዎች ማሽን ለርኒንግን ሲቀበሉ ሊያስታውሱት የሚገባው ይህን ልዩነት ነው እላለሁ፦ አውጫጭኝ ምስክር ነበረው፤ ሌባሻይ ብይን ብቻ።

የሳይበር ደኅንነትን የሚጠብቀው የዛሬው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር (ኢንሳ) በ1999 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ቴሌብር ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ገንዘብን ስልክ ላይ አውርዷል። የገንዘብ ዝውውርን እንዲጠብቅ የሚሰማራው ማሽን ያለፈውን ልማድ ይማርና ከዚያ የወጣውን ይጠቁማል። የቡሬ የበርበሬ ነጋዴ ግን ክረምቱን ዝም ብሎ ከርሞ ምርት ሲደርስ በአንድ ሳምንት ብዙ ብር ሊያንቀሳቅስ ይችላል፤ የአዲስ አበባን ደመወዝተኛ ብቻ ያጠና ሥርዓት ይህን ሰው አጭበርባሪ ሊለው ይችላል። «ሌባሻይ አጉል እምነት ነው፣ ይኼ ግን ሒሳብ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የቀኑን ዝውውር ሁሉ የሰው ዓይን አይጨርሰውም። ሒሳቡ ግን የሚነግረን ጥርጣሬን እንጂ ጥፋትን አይደለም። ሌባው በደቂቃ ይሰወራል ቢባልም፣ ዝውውሩን ለጊዜው ማቆየት ይቻላል፤ በዚያች ፋታ ባለሙያው መዝገቡን ገልጦ ገንዘቡ መቼ፣ ከየትኛው ስልክ፣ ወደ ማን እንደተላከ ያያል፤ ነጋዴውንም ደውሎ ይጠይቃል።