የሬዲዮ ድንጋይና መርማሪ ቻርጀር

እንደገና የሚሞሉ የኒኬል-ሜታል ሃይድራይድ ድንጋዮች፤ ባለማሳያ ቻርጀር

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባሉ፣ የመብራት መስመር ባልደረሰባቸው መንደሮች ሬዲዮም የእጅ ባትሪም ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት በተራ የዚንክ ድንጋይ ነው። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሙቀቱ የውስጡን ኬሚካዊ ሂደት ስለሚያፈጥን ሬዲዮው ለጥቂት ጊዜ ይናገራል፤ የተበላው ዚንክ ግን አይመለስም።

እዚህ የሚታዩት ድንጋዮች ግን በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሊሞሉ ይችላሉ። ቮልቴጃቸው 1.2 ቮልት ሲሆን፣ ሊያልቁ እስኪቃረቡ ድረስ እዚያው አካባቢ ይቆያል። ስለዚህ ቮልት መለካት ብቻውን ደካማውን ከብርቱው አይለይም። ቻርጀሩ ድንጋዩን ሞልቶ እስከ 0.9 ቮልት ገደማ ያወርደዋል፤ የወጣውንም ኃይል በሚሊአምፒር-ሰዓት ቆጥሮ ያሳያል። 2,000 ተብሎ የተጻፈበት ድንጋይ 1,900 ከሰጠ ጤነኛ ነው፤ 900 ከሰጠ አርጅቷል ወይም ብዙ ተቀምጧል። ለረጅም ጊዜ የተቀመጠውን ደጋግሞ መሙላትና ማውረድ ብዙ ጊዜ ያነቃዋል።

የምርመራው ትልቁ ጥቅም ማቧደን ነው። አራት ድንጋይ በሚበላ ሬዲዮ ውስጥ አንዱ ደካማ ከሆነ ቀድሞ ያልቃል፤ ሦስቱ ብርቱዎችም በግልባጭ እየሞሉ ያበላሹታል። ተመጣጣኞቹን አንድ ላይ ማድረግ ሁሉንም ያቆያል።

ተራው የዚንክ ድንጋይ በዚህ ቻርጀር አይሞላም፤ ሊያፈስ ወይም ሊፈነዳ ይችላል።