የጋፋት ልጆች፦ ከጎንደር እስከ ለንደን የተዘረጋ የትውልድ ሐረግ

ጁባ ለምንኖር ሰዎች ጎንዶኮሮ የሚለው ስም እንግዳ አይደለም። ከከተማችን ወረድ ብሎ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኘው ይህ ሥፍራ በ1850ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኢግናስ ኖብለኸር በተባለ ስሎቬናዊ ቄስ የሚመራ የካቶሊክ ሚሲዮን ነበረበት። ቆላውና ንዳዱ አላስቀመጣቸውም፤ ብዙዎቹ በለጋ ዕድሜያቸው ሞቱ፤ ሚሲዮኑም አሥር ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። በዚያው ዘመን ሌሎች ጀርመንኛ ተናጋሪ ሰባክያን ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ወጡ። እነዚያ በጎንዶኮሮ መቃብር ሲተዉ፣ እነዚህ ግን ትዳር ይዘው፣ ልጅ ወልደው፣ ዛሬም ድረስ ተከትለን ልንቆጥረው የምንችለው ትውልድ አፍርተዋል።

የመጡት በስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ አጠገብ ካለችው የቅድስት ክሪሾና ኮረብታ ነው። እዚያ በ1840 ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሽፒትለር የተባለ ሰው አንድ ማሠልጠኛ መሥርቶ ነበር። ተማሪዎቹ በአብዛኛው የእጅ ባለሙያዎች ናቸው፤ በሙያቸው እየሠሩ እንዲኖሩ፣ በኑሯቸውም ወንጌልን እንዲያስተምሩ ታስቦ ነበር። ሽፒትለር የዓባይን ወንዝ ተከትሎ ከእስክንድርያ እስከ ኢትዮጵያ በ12ቱ ሐዋርያት ስም የሚጠሩ 12 ጣቢያዎችን ለማቆም አቅዶ ውጥኑን «የሐዋርያት መንገድ» ብሎት ነበር። ካርቱምና መተማ በዚህ መንገድ ላይ ነበሩ። መንገዱ እንደ ታሰበው አልተፈጸመም፤ ይሁንና ቀደም ሲል በኢትዮጵያ የቆየውና በ1846 የኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባ ባደረገው ግፊት፣ ከ1855 አንሥቶ ማርቲን ፍላድና ጓደኞቹ፣ ኋላም ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ካርል ዛልሙለር አገራችን ገቡ። አጼ ቴዎድሮስም ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ አሰፈሯቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈልገው ነበር።

ስለ ጋፋት የሚጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል ስለ መድፍ ነው። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው «ሴባስቶፖል» ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያውም አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። መድፉ ይህን ያህል ሲታወስ፣ መድፉ በተሠራበት መንደር እንጀራ የጋገሩትና ልጆች ያሳደጉት ሴቶች መረሳታቸው ሚዛኑን የሳተ ይመስለኛል። የጋፋትን ቤተሰቦች ለመከታተል የሚነሣ ሰው የአውሮፓውያኑን ስም ብቻ ይዞ ሩቅ አይሄድም። ሐረጉን የሚያያይዙት እናቶቹ ናቸው።

በአማራው አገር ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ስለ ነበር፣ የአያትን እናት ስም ማወቅ የመሬት ጉዳይ ነበር። መሬት ባይኖርም ጋብቻ አለ፤ እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ሰርግ አይደገስም። የአውሮፓ መዝገብ ግን የአባትን የቤተሰብ ስም ብቻ እያወረደ ይሄዳል። ሴቲቱ ባገባች ጊዜ የአባቷ ስም ይጠፋል፤ የእናቷ ስም ደግሞ ቀድሞውንም የለም። ስለዚህ ከጋፋት የወጣ ትውልድ በሁለት ትውልድ ውስጥ ፍጹም ጀርመናዊ ወይም እንግሊዛዊ መስሎ ይታያል።

ከቤተሰቦቹ አንዱ የጆን ቤል ነው። ይህ እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ኢትዮጵያዊት ወይዘሮ አገባ፤ የቴዎድሮስ ሊቀ መኳስ ሆኖ በ1860 ንጉሠ ነገሥቱን ሲከላከል ተገደለ። ከልጆቹ ሱዛን ለቫልድማየር፣ ሌላይቱ ለዛልሙለር ተዳረች። ቫልድማየር ከመቅደላ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄዶ የኩዌከሮች ማኅበር አባል ሆነ፤ በ1873 የብሩማናን ትምህርት ቤት፣ በ1896 ደግሞ የአስፉሪየህን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ሆስፒታሉ በ1982 በእርስ በርሱ ጦርነት መካከል ተዘጋ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ዛሬም አለ።

ይበልጥ የሚያስደንቀው የኤድዋርድ ዛንደር ቤት ነው። ዛንደር የጀርመን አንሃልት አገር ሰው፣ ሠዓሊ ነበር። በ1847 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በመጀመሪያ በደጃዝማች ውቤ ዘንድ፣ ቀጥሎም በቴዎድሮስ ዘንድ አገለገለ። ከአንዲት የጎንደር ወይዘሮ በ1850 ሴት ልጅ ወለደ። ልጅቱ በጀርመንኛው መዝገብ ካታሪና ናት፤ ኢትዮጵያዊ ስሟ ወለተ ኢየሱስ ነው። እናቲቱን የአውሮፓ ጸሐፊዎች «ኢሴተ ወርቅ» በሚመስል አጻጻፍ አስፍረዋታል። በትርጉም ሥራ የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ስም ሲያገኝ በዐይኑ ሳይሆን በጆሮው ያነበዋል፤ ለእኔ ጆሮ «የሴት ወርቅ» የሚለው ይቀርባል። «ወለተ ኢየሱስ» ደግሞ የክርስትና ስም ነው፤ ባዕድ መዝገብ ያዥ «ወለተ» የሚለውን የራሷ፣ «ኢየሱስ» የሚለውን የአባቷ ስም አድርጎ ቢለያየው አይፈረድበትም።

ወለተ ኢየሱስ ሞሪትስ ሆል የተባለውን የጋፋት መድፍ ሠሪ አገባች። ሆል የክራኮቭ አይሁዳዊ ሲሆን ፕሮቴስታንት የሆነ ሰው ነው። በሚያዝያ 1868 በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ አውሮፓውያኑ ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ከአገር ወጡ። ዛንደር በዚያው ዓመት ሞተ። በዚያው ዓመት መቅደላ ላይ ለወለተ ኢየሱስ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ማግዳሌና አሏት። ፈረንጆቹ መቅደላን «ማግዳላ» እያሉ ይጽፏት እንደ ነበር ለሚያውቅ፣ ስሙ መጽሐፍ ቅዱሳዊም የትውልድ ሥፍራም ሆኖ ይሰማዋል።

የሆል ቤተሰብ በፍልስጥኤም፣ በያፋ ከተማ ሰፈረ። በከተማይቱ የጀርመኖች ሰፈር የነበረው በ1866 ከአሜሪካ ሜይን ግዛት የመጡ ሃይማኖተኛ ሰፋሪዎች ቆርቁረውት የተዉት ሲሆን፣ በ1869 የቴምፕለር ማኅበር ጀርመኖች ገዝተውታል። ማግዳሌና እዚያ ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭ የተባለውን፣ ከኦርቶዶክስ ወደ ፕሮቴስታንት የገባ ሩሲያዊ መኰንን አገባች። በ1892 ዮና ተወለደ፤ ወዳጆቹ «ክሎፕ» ይሉታል። የክሎፕ ልጅ በ1921 ለንደን የተወለደው፣ ሁለት ኦስካር የተሸለመው ተዋናይና ደራሲ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው።

እዚህ ላይ የዘር ቆጠራው ጨዋታ መሆኑ የሚያበቃበት አንድ ዓመት አለ፤ 1935። የወለተ ኢየሱስ ወንድ ልጅ፣ የማግዳሌና ወንድም ዳዊት ሆል፣ የኢትዮጵያ መንግሥት አማካሪ ነበር። ጣልያን ለወረራ ስትዘጋጅ አጼ ኃይለ ሥላሴ በምስጢር ወደ በርሊን ላኩት። ሂትለር በኦስትሪያ ጉዳይ ከሙሶሊኒ ጋር ተቃቅሮ ስለ ነበር ጥያቄው ተሳካ፤ ለጠመንጃና ለፀረ ታንክ መድፍ መግዣ 3 ሚሊዮን ማርክ ያህል ተሰጠ። አባት ለቴዎድሮስ መድፍ ሠራ፤ ልጅ ለኃይለ ሥላሴ መድፍ ገዛ። በዚያው ዓመት የእኅቱ ልጅ ክሎፕ ለንደን በጀርመን ኤምባሲ የፕሬስ ሹም ነበር። የናዚ መንግሥት አይሁዳዊ ደም እንደሌለበት ማስረጃ እንዲያቀርብ ጠየቀው። አያቱ ሞሪትስ ሆል ነው። ክሎፕ ማስረጃ አላቀርብም ብሎ ሥራውን ለቀቀ፤ ዜግነቱንም ወደ እንግሊዝ ለውጦ በኋላ ለእንግሊዝ የስለላ መሥሪያ ቤት ሠራ።

አንድ ቤተሰብ ነው። አንዱን አገልጋይ አድርጎ በርሊን ያደረሰው ኢትዮጵያዊነቱ ነው፤ ሌላውን ከበርሊን አገልግሎት ያስወጣው የአያቱ ዘር ነው።

ይህን ታሪክ ጁባ ላይ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህች ከተማ ከኢትዮጵያውያንና ከደቡብ ሱዳናውያን፣ ከኤርትራውያንና ከኡጋንዳውያን የተወለዱ ሕፃናት እያደጉ ነው። የእናቶቻቸው ስም ከአማርኛ ወደ ዓረብኛ፣ ከዓረብኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲገለባበጥ በእያንዳንዱ ወረቀት ሌላ መልክ ይይዛል፤ «ጽጌ» ያለ ጸ፣ «ጫልቱ» ያለ ጨ ትጻፋለች። ቢያንስ በቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ወይም ቁርኣን ሽፋን ላይ፣ በግዕዝ ፊደል፣ የእናትንና የአያትን ስም ከነክርስትና ስማቸው ማስፈር ወጪ የለውም።

ወለተ ኢየሱስ እስከ 1932 ኖራለች። ከእናቷ ሲቆጠር እርሷ አንደኛ ቤት፣ ማግዳሌና ሁለተኛ፣ ክሎፕ ሦስተኛ ናቸው። በ2004 ያረፈው ፒተር ኡስቲኖቭ አራተኛ ቤት ነው፤ ኢትዮጵያዊት ቅድመ አያት እንዳለችውም በኩራት ይናገር ነበር። በጎንደር አቆጣጠር ልጆቹ አምስተኛ ናቸው፤ ገና ከሰባት አልወጡም።