የተቀበሩት ገልባጮች

ሲኖትራክ ከኋላችን ሲመጣ ልባችን ከቦታው የሚነቃነቅ እኛ የከተማ ልጆች፣ የቢንግሃም ካንየንን ገልባጭ መኪኖች ካወቅን በኋላ ሲኖዋ አሻንጉሊት መስላናለች። የአንዷ ጎማ ሁለት ሰው ተደራርቦ ቢቆም ነው የሚስተካከላት። በአንድ ጊዜ ወደ 300 ቶን ድንጋይ ትሸከማለች። በአንድ ምሽት ከ10 በላይ የሚሆኑት ከሦስት ግዙፍ የኤሌክትሪክ መጫኛ ማሽኖች ጋር አፈር ለበሱ።

ቦታው አሜሪካ፣ ዩታ ግዛት ነው። ቢንግሃም ካንየን እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ ከላይ ወደ ታች እየተቆፈረ፣ ተራራ የነበረው መሬት ጉድጓድ የሆነበት የመዳብ ማዕድን ነው። በ2013 ጥልቀቱ 1 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው።

በዚያ ዓመት የካቲት ላይ መሐንዲሶቹ አንዱ የጉድጓዱ ግድግዳ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን አዩ። በዓይን አይደለም፤ ራዳር ሌት ተቀን እያነበበ ነው። እንቅስቃሴው በሚሊ ሜትር የሚለካ ነበር፤ ቀን በቀን ግን ፈጠነ። የጎብኚዎች ማዕከሉ ሳይቀር ከቦታው ተነሣ። ሚያዝያ 2 ቀን 2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. አፕሪል 10 ቀን 2013) ኩባንያው ናዳ እንደሚጠብቅ አስቀድሞ በይፋ ተናገረ፤ ሠራተኛውንም ከጉድጓዱ አወጣ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ግድግዳው ወረደ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ ደግሞ ሁለተኛው ተከተለ። በአንድ መቶ ሚሊዮኖች ቶን የሚቆጠር አፈርና ድንጋይ ነው። ናዳው 16 ትንንሽ የመሬት መንቀጥቀጦችን ቀሰቀሰ።

የሞተ የለም። የቆሰለም የለም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ካወቁ መኪኖቹን ለምን እዚያ ተዉአቸው? እኛም መጀመሪያ የጠየቅነው ይህንኑ ነው። መልሱ የሚያስደነግጥ ነው። ናዳው መቼ እንደሚመጣ በትክክል ገመቱ፤ የት ድረስ እንደሚሮጥ ግን ተሳሳቱ። መኪኖቹ የቆሙበት ቦታ ናዳው አይደርስበትም የተባለ ነበር። ያ ግምት ለብረት በቂ ነው ተብሎ ታመነ፤ ለሰው ግን አልታመነም። ሹፌሮቹም «እዚህ አይደርስም» በተባለበት ቦታ እንዲያድሩ ቢደረግ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ ቃና ነበር የምንጽፈው።

ሸለቆው ሌላውንም ዓይነት ታሪክ ያውቀዋል። በ1926 እዚያው ቢንግሃም ውስጥ የበረዶ ናዳ የማዕድን ሠራተኞችን መኖሪያ ጠራርጎ ከ30 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ራዳር የሚባል ነገር ያኔ አልነበረም፤ «ውጡ» ያላቸውም አልነበረም።

ወደ 2013 እንመለስና፣ ኪሳራው ቀላል አልነበረም። ወደ ጉድጓዱ የሚያስገባው ዋና መንገድ ተቆርጧል። የዓመቱ የመዳብ ምርት በግማሽ ሊቀንስ ይችላል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ጠረጋው ሲጀመር ሰው ሊቆምበት በማይደፈረው የናዳው አናት ላይ የወጡት ዶዘሮች ሹፌር አልነበራቸውም፤ ከሩቅ ሆነው ነበር የሚያሽከረክሯቸው። ከዚያ ምሽት በሕይወት የወጡት ሠራተኞች ደግሞ፣ ሥራው እስኪያንሠራራ ድረስ፣ የዓመት ፈቃዳችሁን ውሰዱ፣ ካልሆነም ያለ ደመወዝ ረፉ ተባሉ።